ከመዝገቡ ጋር ያልተያያዘው ደብዳቤ

ዳኛው ለላይኛው ፍርድ ቤት መታጨቱ በሬዲዮ በተነገረ በአራተኛው ቀን፣ ጡረታ የወጡ አንዲት መዝገብ ያዥ ለሹመት አጣሪው ኮሚቴ አንድ ገጽ ተኩል አቤቱታ አስገቡ። ሴትዮዋ ከእሱ ጋር ስድስት ዓመት የሠሩ፣ ከሰው ተጣልተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። የጻፉትም ያለ ምንም ማጋነን ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ መካኒክ መጋዘን አቃጥሎ ጥበቃውን ገድሏል ተብሎ በእሱ ችሎት ተከሶ ነበር። ፍርዱ በሚነበብበት ቀን ጠዋት ከአንድ ክሊኒክ ነርስ ደብዳቤ መጣ። «ችሎት ላይ እንደተቀመጡ እጃቸው ላይ ሰጠኋቸው። ‹ይተዉት፣ እኔ አየዋለሁ› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤው የውሃ ሽታ ሆነ» ይላል አቤቱታው። መካኒኩ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ በአራተኛው ዓመት እዚያው እስር ቤት ታሞ ሞተ።

ዳኛው ቢሮው ውስጥ ቆሞ አነበበው። የተሰማው ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ግራ ገባው እንጂ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በዓይኑ አላየም። ማል ቢሉት ዓይኑን ሳያሽ ይምል ነበር።

በማግስቱ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አስጠሩት። ሥራ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ እንደ አባት ያያቸዋል።

«ለጊዜው ራስህን ከእጩነት አግልል» አሉት። «ጥፋተኛ ነህ ማለቴ አይደለም። ግን ነገ አንተ ፊት የሚቆም ሰው፣ ‹የዚህ ሰውዬ ጉዳይ ምን ላይ ደረሰ?› እያለ ባይቆም ይሻላል።»

«ያልሠራሁትን ነገር ሰው ስለጻፈብኝ ልውረድ? እንዲህ ከሆነ ነገ ማንም ተነሥቶ በማንም ላይ ይጽፋል።»

«እሱም እውነት ነው» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ለዚህ እኮ ነው የምለምንህ እንጂ የማላዝህ።»

አልሰማቸውም። ያን ሰሞን ነው እንግዲህ የመካኒኩ እናት ችሎቱ ድረስ መምጣት የጀመሩት።

ሰኞ ጠዋት የቤት ኪራይ ክርክር እየሰማ ሳለ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ቡኒ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ አሮጊት ተቀምጠው አየ። የችሎት አስከባሪው ጎንበስ ብሎ ጉዳያቸውን ሲጠይቃቸው፣ «ጉዳይ የለኝም፣ ትንሽ ልቀመጥ» አሉት። ማክሰኞም መጡ። ረቡዕም። አያጉረመርሙም፣ አያለቅሱም። ፊቱን እንኳ አያዩም። ቀኝ እጁን ነው የሚያዩት።

መጀመሪያ መስሎኝ ነው አለ። ብዕር ሲያነሣ ዓይናቸው አብሮ ይነሣል፤ ብርጭቆ ሲይዝ አብሮ ይሄዳል። እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሲደብቀው ደግሞ፣ እንጨቱ መስታወት የሆነ ይመስል፣ ልክ እጁ ያለበትን ቦታ ያዩታል። ጣቶቹ እየቀዘቀዙ መጡ። በሐምሌ ብርድ እንደቆየ ሰው እጁን በእጁ እያሸ መዋል ጀመረ።

ሐሙስ ዕለት የችሎት ጸሐፊዋ ከጎኑ ሆና በሹክሹክታ፣ «ክቡር ዳኛ… ማስረጃው» አለችው። ቁልቁል አየ። ተከራዩ በማስረጃነት ያቀረበው ውል አራት እጥፍ ሆኖ መዳፉ ውስጥ ተቀምጧል። መቼ እንዳጠፈው አያውቅም። ቀና ሲል እናትየዋ፣ የጠፋ ቀለበቱን እንዳገኘ ሰው፣ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ ምሳ ላይ ታላቅ እህቱ መጣች። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ማድበስበስ አይሆንላትም።

«ከወረድክ አመንክ ማለት ነው» አለች ሚስቱ። «እንዳትነቃነቅ።»

«ወንበሩ ምን ይፈይድልሃል?» አለች እህቱ። «ከስተሃል። ተወውና እንቅልፍህን ተኛ።»

«እትዬ፣ በምን ምክንያት ነው የምተወው!» ሹካውን ወረወረው። «አንዲት ነርስ ከበሽተኛ መመዝገቢያ ላይ ቀድዳ፣ በሰማያዊ ቀለም ለሞነጫጨረችው አንድ ቁራጭ ወረቀት—»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። እህቱ ማኘኳን አቆመች። ማቀዝቀዣው ማጉረምረሙን ያቋረጠው ልክ ያን ጊዜ ነው።

«ቀለሙን ማን ነገረህ?» አለች ሚስቱ።

«አቤቱታው ላይ…»

«አቤቱታውን እኔም አንብቤዋለሁ። ስለ ቀለም የሚል ነገር የለበትም።»

እህቱ እጇን ዘርግታ ከመዳፉ ውስጥ አንድ ነገር ወሰደች። የአፍ መጥረጊያ ወረቀት ነው፤ አራት እጥፍ ሆኗል።

ያን ቀን ከሰዓት ነገሩ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ቁራጭ በቁራጭ ይመጣለት ጀመር። አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። አርባ አንድ ገጽ ፍርድ ተተይቦ ፊቱ ተቀምጧል። በማግስቱ ዕረፍት ሊወጣ ነው። ደብዳቤውን አንዴ አነበበው፤ መካኒኩ መጋዘኑ በተቃጠለበት ምሽት እጁን ተቆርጦ ክሊኒክ ውስጥ እየተሰፋ ነበር ይላል። ቢያያዝ ችሎቱ እንደገና ሊከፈት ነው። «ከዕረፍት ስመለስ» አለ በሆዱ። አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው፣ ፍርዱንም ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ የት እንደሄደ ቢያስብ ቢያስብ፣ ነጭ ግድግዳ ነው የሚመጣለት።

ሰኞ፣ ሰው ለምሳ ሲወጣ፣ ከመድረኩ ወርዶ እናትየዋ ዘንድ ሄደ።

«እናቴ፣ እጄን ለምንድን ነው የሚያዩት?»

«ያን ቀን ወረቀት ሲያጥፉ አይቼዎት ነበር» አሉ። ድምፃቸው እንግዳ እንደሚያጫውት ሰው ለስላሳ ነው። «ደብዳቤ መሆኑን በምን አውቄ። ልጄ እዚያ ጋ ቆሞ እኔን እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ምን ነካኝ እንጃ፣ እሱን ትቼ እጅዎን ሳይ ቆየሁ። ቀና ስል ይዘውት ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ በሽቦ አጥር በኩል ነው ያየሁት።» ሹራባቸውን አስተካከሉ። «የጀመርኩትን ልጨርስ ብዬ ነው የምመጣው።»

ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን እያገላበጡ፣ ደብዳቤው እንዳልተገኘ፣ ነርሷም አድራሻዋ እንደማይታወቅ፣ ከአንዲት ጡረተኛ ቃል በቀር ማስረጃ እንደሌለ ተናገሩ። አቤቱታው ውድቅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ከጥግ ሆነው ጣራውን ያያሉ።

«የሚሉት ካለ?»

አመሰግናለሁ ብሎ መቀመጥ ብቻ ነበር የቀረው።

«ደብዳቤው ነበር» አለ ዳኛው። «ሰጥተውኛል። አንብቤዋለሁ። ከእጩነቱም ከዳኝነቱም ወርጃለሁ፤ የዚያ ልጅ መዝገብ ይከፈት።»

ሚስቱ አንድ ወር አላናገረችውም። የተቆጣችው ስለወረደ እንዳይመስላችሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት አጠገቧ የተኛው ሰው ማን እንደነበር እየመረመረች ነው። ጋዜጣውም ጎረቤቱም የፈለጉትን አሉ። እህቱ በየእሑዱ መምጣቷን አልተወችም፤ ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አላነሣችም።

መዝገቡ ተከፈተ። ነርሷም ከሌላ ከተማ ተገኘች፤ ጠጉሯ ሸብቷል። እሱ በምስክርነት ቀረበ። ወጣቷ ዳኛ የሚያስታውሰውን እንዲናገር ስትጠይቀው፣ አፉን ከፈተና ደብዳቤው እንዳለ ወጣ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስፌቱ ስንት እንደነበረ፣ የክሊኒኩ ስልክ ሳይቀር፣ ፊቱ ተዘርግቶለት እንደሚያነብ ሰው ሳይደናቀፍ አወረደው። «እጁ ይድናል፤ እባካችሁ እሱን አድኑት» ብሎ ጨረሰ።

ነርሷ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሁሉም የኔ ነው» አለች። «የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አልጻፍኳትም። አስቤያት ነበር። ዳኛ እንዲህ አይለመንም ብዬ ተውኳት። ለማንም አልተናገርኳትም።»

ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከመተየቢያው ላይ አነሣች። ወጣቷ ዳኛ፣ «እንደተሰማው ይጻፍ» አለች። እኩለ ቀን ሳይሆን የጥንቱ ፍርድ ተሻረ፤ መካኒኩ በሞተ በስምንተኛው ዓመት ነጻ ተባለ።

እናትየዋ የውሳኔውን ግልባጭ ታቅፈው ኮሪደሩ ላይ ጠበቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት።

«ያችን የመጨረሻዋን እስቲ ይድገሙልኝ» አሉት። «ጆሮዬ ደከም ብሏል፤ በደንብ አልሰማኋትም።»

ሊደግምላቸው አፉን ከፈተ። የለችም። የመጨረሻዋም፣ የመጀመሪያዋም፣ ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ አንዲት ቃል አእምሮው ውስጥ አልቀረችም። እናትየዋ ጆሯቸውን ወደ እሱ ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።