ሠላሳ ስድስት ቁምጣ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ የኖረችው ሴት የክፍሉ አለቃ የሆነች ዕለት እግሯ መሬት አልነካ አለ። ጠዋት ስትወጣ አውቶቡስ ነጂው ባሏ በር ላይ ቆሞ፣ «ቆፍጠን በይ፤ አለቃ ከተለሳለሰ የሚሰማው የለም» ብሎ መከራት። እሷም ቆፍጠን አለች። ነጭ ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ሠራተኞቹ ፊት ቆማ፣ ያዘጋጀችውን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

ሥራው ለአንድ የማርሽ ባንድ ሠላሳ ስድስት ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ መስፋት ነበር። መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። ናሙናውን ሱሪ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እስከ ሐሙስ ማለቅ አለበት። ጊዜ ስለሌለን የምሳ ሰዓቱን አሳጥሩት። ገባችሁ?» አለች።

«ገብቶናል» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ልቧ ጮቤ ረገጠ። አለቅነት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ እያለች ክር ልትመርጥ ወደ መጋዘን ሄደች፤ እዚያው ዋለች።

በማግስቱ ስትገባ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከጉልበት የማያልፉ ሱሪዎች ተቆልለው ጠበቋት። ሠላሳ ስድስቱም ተቆርጠዋል፤ ስምንቱ እንዲያውም ተሰፍተው፣ ተተኩሰው፣ በወግ ታጥፈዋል። አንዱን አንስታ ዘረጋችው። ገልብጣም አየችው፤ አልረዘመም።

«ጋሽ መቀስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ቆራጭ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «እንዳሉት አሳጠርኩት።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ግን «እንዳሉት» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረች። እኚህ ሰው እስከ ትናንት ወዲያ «አንቺ» ነበር የሚሏት። ሄዳ የመኪናዎቹን ማብሪያ ማጥፊያ ጠቅ አደረገች። ቤቱ ጭጭ አለ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብላ፣ «እስቲ ተራ በተራ ንገሩኝ፤ ትናንት ምን ስል ሰማችሁ?» አለች።

ተኳሹ፣ ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ፣ አንገቱን አቀረቀረ። «እኔ ‹ምሳ› የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁ። ምን ዓይነት ደግ አለቃ ሰጠን ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስበላ ቆየሁ።»

ቁልፍ የምትተክለው ዝምተኛዋ ሴት ቀስ ብላ፣ «እኔ ደግሞ ሐሙስ ዕረፍት ነው ያሉ መስሎኝ ለእህቴ እመጣለሁ ብያታለሁ» አለች።

አለቃዋ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቁ ግን በአፍንጫዋ አመለጣት።

«እኔስ ገርሞኝ ነበር» አሉ ጋሽ መቀስ። «ያን የሚያህል ጥሩምባ ነፊ በቁምጣ ሲሰለፍ እየታየኝ ነው የቆረጥኩት። ግን አለቃ ናቸው፣ የሚያውቁት ነገር ይኖራል አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«‹ገባችሁ?› ሲባል አልገባኝም የሚል ማን አለ? ያውም እንደዚያ እስከ አንገትዎ ተቆልፈው።»

የሸሚዟን የላይኛ ቁልፍ ፈታች። «ጋሽዬ፣ በሞቴ አንቺ ይበሉኝ። እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይያዝ። ተኳሹ አንዱን ቁምጣ ወገቡ ላይ ለክቶ በመኪናዎቹ መሀል ሰልፍ ሲወጣ፣ ጋሽ መቀስ የሳቅ እንባቸውን በሜትራቸው ሲጠርጉ፣ በሩ ተከፈተና የባንዱ መሪ ገባ። ረጅም፣ ኮስታራ፣ ባለ ትልቅ ሪዝ ሰው ነው።

«የልጆች ልብስም ትሰፋላችሁ?» አለ።

«የእናንተው ነው» አለች አለቃዋ ብድግ ብላ። «የምሳ ሰዓት አሳጥሩ ብዬ ሱሪ አሳጠርኩ። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ በጩኸት መሀል ተናግሬ መስማታቸውን ሳላረጋግጥ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ቁምጣውን ተቀብሎ ከረጅም እግሩ ጋር አስተያየው። ሪዙ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ሳቅ ለቀቀ።

ሳቁ ጋብ ሲል ዝምተኛዋ እጇን አወጣች። «ጨርቁ እኮ ተርፏል። ከታች ብንቀጥልበትና መጋጠሚያው ላይ፣ ጉልበቱ ጋ፣ ከባለፈው የኮሌታ ሥራ የቀረውን ቀይ ጨርቅ ብናዞርበትስ?»

አለቃዋ ሐሳቡን በራሷ አፍ ደግማ፣ «እንዲህ ነው ያልሽው?» ብላ ጠየቀቻት። ዝምተኛዋ አንድ ነገር አረመች፤ ቀዩ አራት ጣት ይስፋ አለች። የባንዱ መሪ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሥሎ እንዲያሳዩት ጠየቀ፤ አይቶም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ ስድስቱ የባንዱ ሰዎች ሱሪውን ለብሰው ግቢው ውስጥ ቆሙ። ጥሩምባው ሲነፋ ሠላሳ ስድስት ቀይ ጉልበት እኩል ብድግ አለ። እህቷ ዘንድ መሄዷ የቀረባት ዝምተኛ ሴት እህቷን ይዛት መጥታ፣ «ያ ቀዩ የእኔ ነው» እያለች ለማያውቋት ሁሉ ታወራለች። ጋሽ መቀስ ከሰልፉ ኋላ ገብተው ጉልበታቸውን እያነሱ ይረግጣሉ። አለቃዋም ጫማዋን አውልቃ፣ በካልሲዋ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች።