ሠላሳ ስድስት ግማሾች

አናጢው እንጨቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። የልጅ እጅ እንዳይቧጭሩ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ፈትጓል፤ ያም ሆኖ አላመናቸውም። ዐሥራ ስምንት የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ነበሩ። ሴት ልጁ በያንዳንዳቸው ላይ አንድ ነገር ሥላለች፤ ዓሣ፣ መሰላል፣ ጫማ፣ ጃንጥላ። እሱ ደግሞ እያንዳንዱን በጠማማ መስመር ለሁለት ከፈለው። አንዱ መስመር ሌላውን አይመስልም። የዓሣው ራስ ከራሱ ጅራት በቀር ከምንም አይገጥምም።

«አባዬ፣ በቃ ተዋቸው። ከዚህ በላይ ከፈተግካቸው ያልቃሉ» አለች ልጁ ጫማዋን እያሰረች።

«ልጅ አይታመንም። አፉ ውስጥ ይከተዋል።»

«አራተኛ ክፍል የሚገቡ ናቸው እኮ!»

«አንቺ አምስተኛ ክፍል ሆነሽ እርሳስ ትበዪ ነበር።»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሰዓቷን አየች። ዛሬ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ግቢውን አቋርጠው በሚመጣው ዓመት ወደሚማሩበት ክፍል፣ እሷ ወደምታስተምርበት ክፍል፣ ለአንድ ጠዋት ይመጣሉ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ይህ ጠዋት በለቅሶ ነበር ያለቀው። ርዕሰ መምህሩ የመጨረሻ ቃሉን ተናግሯል። «ዘንድሮም ካለቀሱ ቀኑ ይቀራል። ፈተና እንሰጣቸውና ፈጣኑን በአንድ ክፍል፣ ዘገምተኛውን በሌላ ክፍል እናደርጋለን።»

እሷ በሰባት ዓመቷ ዘገምተኞች ከሚባሉት ጋር የኋላው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ዓመት ቤት ውስጥ ድምፅዋ አልተሰማም። አባትና ልጅ ይህን አንስተውት አያውቁም።

ለዚህ ጠዋት አንድ ወር ሙሉ አቅዳለች። አናጢው ደብተሯን አይቶታል፤ ከተጻፈው የተሰረዘው ይበዛል። የንባብ ውድድር ብላ ጽፋ ሰርዛዋለች፤ መዝሙር ብላ ጽፋ «ዓይን አፋሩን ያጋልጠዋል» ብላ ሰርዛዋለች። የተረፉት እነዚህ ግማሾች ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ግማሽ ይዞ ገጣሚውን ይፈልጋል፤ አብረው ይቀመጣሉ፤ ስለ ሥዕላቸውም አንድ ጥያቄ ያወጣሉ። የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያ ትምህርት ከጥያቄዎቹ ይጀምራል። አናጢው ትምህርት ብዙ አልገፋም፤ በደንብ የታሰበበትን ሥራ ግን ሲያየው ያውቀዋል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀረ።

«ይግቡ መምህርት።»

«አባዬ፣ ተው እንጂ!»

«ቤት ልጄ ነሽ። እዚህ መምህርት ነዎት።»

ክፍሉ ውስጥ እሱ ራሱ የሠራቸው ዐሥራ ስምንት ዴስኮች በረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ለሁለት ልጅ ናቸው። አናጢው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዶ ምንም ያልሆነውን ማጠፊያ በካቻቢቴ ማጥበቅ ጀመረ። ከክፍሉ ላለመውጣት ሌላ ምክንያት አላገኘም።

ልጆቹ ገቡ። ሠላሳ አምስት ነበሩ፤ አንዷ ታማለች ተባለ። ርዕሰ መምህሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ሥር ቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የወላጅ አቤቱታ የሰለቸው ሰው ነው።

መምህርቷ ግማሾቹን አደለች፤ የቀረችውን ልጅ ግማሽ ጓደኞቿ ያዙላት። ጨዋታውን አስረዳች። «በሉ፣ ገጣሚያችሁን ፈልጉ!»

የሚሮጥ አልነበረም። ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ዴስኮቹን ዞሩ። የመሰላሉ ጫፍ በመሰላሉ እግር አጠገብ አለፈ፤ አልተያዩም። አንዲት ቀጭን ልጅ የዓሣውን ራስ ከጀርባዋ ደበቀች። ጅራቱን የያዘው ጉንጫም ልጅ አይቷታል፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዐሥር ደቂቃ አለፈ። ካንድ ጥግ የአንዲት ልጅ ሲቃ ተሰማ፤ ሌላው ተቀበለው።

«መምህርት፣ ጀመሩ እኮ» አለ ርዕሰ መምህሩ።

የአናጢው እጅ ማጠፊያው ላይ ቀረ። አሁን ገባው። እስከ ሦስተኛ ክፍል ዴስኩ ሁሉ ለሦስት ልጅ ነው። ልጆቹ ሦስት ዓመት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ኖረዋል፤ ግቢውን ተሻግረው እዚህ ሲመጡ ከሦስቱ አንዱ ይተርፋል። የዚያኛውንም የዚህኛውንም ክፍል ዴስክ የሠራው እሱ ነው። እነዚያንም እንጨቶች ለሁለት ለሁለት የቆረጠው እሱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለውም። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ግን አናጢ መምህርትን በርዕሰ መምህሩ ፊት ካረመ ማን ያምናታል? አፉን መልሶ ገጠመው።

መምህርቷ ቀጭኗ ልጅ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ምን ደብቀሽ ነው?»

«ምንም።»

«ዓሣ ነው አይደል? ዓይኑን አየሁት።»

«ጅራቱ እሱ ጋ ነው» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «አውቃለሁ። ግን ከገጠምን እዚያ ልቀመጥ ነው። እነሱስ?»

መምህርቷ ልጅቷን የያዙትን ሁለት እጆች አየች፤ ቀጥሎ ዴስኮቹን አየች። ከንፈሯ ሲቆጥር አባቷ ከሩቅ አነበበው። ተነሣች።

«ልጆች፣ ስሙኝ። ተሳስቻለሁ።»

የሚያለቅሱትም ለመስማት አቆሙ። አስተማሪ ተሳሳትኩ ሲል ሰምተው አያውቁም።

«ጨዋታውን ሳስብ ሁለት ሁለት ናችሁ ብዬ ነበር። እናንተ ሦስት ሦስት ናችሁ። ዴስኩ ደግሞ ለሁለት ነው። እስቲ አስተካክሉልኝ፤ ማንም ከጓደኛው ሳይለይ እንዴት እንቀመጥ?»

መልሱን አናጢው ያውቀዋል። እሷም ታውቀዋለች። እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። አናጢው ሙጫ እስኪደርቅ ስንት ጊዜ ተቀምጦ ጠብቋል፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግን በራሱም እጅ አላየም።

ሦስት ወንዶች አንድ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ ዳር ያለው ዱብ አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

«ወለሉ ላይ እንቀመጥ!» አለ አንዱ።

«አንተ ከወለሉ ተነሥተህ ታውቃለህ?» አለችው ሌላዋ።

መጀመሪያ ያለቀሰችው ልጅ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ሁለት ዴስክ ብናጋጥም አራት ነው። አንድ ቦታ ይተርፋል።»

«ትርፉን ምን እናድርገው?» አለች መምህርቷ።

ጥቂቶቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ ፈነዳ። «ሦስት ዴስክ! ስድስት ይሆናል! ሁለት ሦስት!»

ዴስኮቹ ወለሉን እየጫሩ ተጎተቱ። ርዕሰ መምህሩ መንገድ ለመልቀቅ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ስድስት ትልልቅ ገበታዎች ሆኑ፤ ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ከበቧቸው። ከዚያ ማንም ሳያዝዛቸው ግማሾቻቸውን ይዘው ተበተኑ። የሚመለሱበት ቦታ ስላላቸው መሄዱን አልፈሩትም። የዓሣው ራስ ጅራቱን አገኘ።

«ዓሣ ሲጠማው ምን ያደርጋል?» ብላ ጮኸች ቀጭኗ ልጅ። መምህርቷ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

በሩ አጠገብ ባለው ገበታ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠች ልጅ ርዕሰ መምህሩን ሽቅብ አየችው።

«ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ። ጓደኛችን ታማለች። ግማሿን እርስዎ ይፈልጉላት።»

የጃንጥላውን እጀታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ርዕሰ መምህሩ አገላበጠው፤ ወደ መምህርቷ አየ፤ እሷ እየጻፈች ነው። ወደ አናጢው ጠጋ አለ።

«አባት፣ የቆረጡት እርስዎ አይደሉ? የዚህ ገጣሚ የት ነው?»

«እኔ ቆረጥኩ እንጂ አላደልኩም» አለ አናጢው ካቻቢቴውን ኪሱ እየከተተ። «ልጆቹን ይጠይቁ።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ መጀመሪያው ገበታ ሄደና ለመጠየቅ ጎንበስ አለ። አናጢው ግን የጃንጥላውን ጨርቅ የያዘውን ልጅ አይቶታል፤ ሁለት ገበታ ወዲያ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ እሱም እየጠየቀ ይሄዳል። እስኪገናኙ ድረስ አናጢው ካቻቢቴውን መልሶ አወጣና ያንኑ ማጠፊያ ማጥበቅ ያዘ።