የእናቶች በሽታ የያዘው ሾፌር

፩

የወደቀችው ስንዝር ያህል ነው። ያውም ፍራሽ ላይ።

ይህን ከጅምሩ መናገር ያስፈለገው የአንባቢ ልብ እንዳይሰቀል ነው። የሦስት ወር ተኩሏ ኢክራም አንዳች አልሆነችም፤ እንዲያውም አዲስ ጨዋታ መስሏት ጥርስ በሌለው ድዷ ሳቀች። ያልሳቀው አባቷ ይመር ነው። ብብቷን ይዞ ከአልጋው ብድግ ሊያደርጋት ሲል፣ ከቀኝ አውራ ጣቱ ሥር የተነሣ ሕመም እንደ እሳት ክንዱን ሰንጥቆት ወጣ፤ እጁም እሱን ሳያማክር ለቀቃት።

እጁ።

ለቀቃት።

ይመር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያን እጅ የሌላ ሰው ይመስል አፍጥጦ አየው።

፪

ይመር ማነው?

የደሴ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ የገልባጭ መኪና ሾፌር። ቁመቱ በየበሩ ጎንበስ ያሰኘዋል፤ ድምፁ ያለ ጡሩምባ አህያ ከመንገድ ያስወጣል። ሐምሌ ላይ የመንገድ ሥራው በዝናብ ሲቆም ቤት ገባ። ባለቤቱ ሉባባ ደግሞ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ባንክ ልትመለስ ነበር። ልጅቱን ማን ይያዝ የሚለው ክርክር ገና ሳይጀመር ይመር ደረቱን ነፋ።

«ሠላሳ ቶን ጠጠር የማመላልስ ሰውዬ ስድስት ኪሎ ልጅ ያቅተኛል?»

«ጠጠር አያለቅስም» አለች ሉባባ።

ቢሆንም ተስማማች። የመጀመሪያውን ቀን ውላ ስትመለስ ፊቷ እንደ ኢድ ማለዳ በርቶ ነበር፤ ለካ ሥራዋ ናፍቋት ኖሯል። ስለዚህ ይመር አውራ ጣቱን ሕመም ሲጀምረው ዋጥ አደረገው። ቢነግራት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቃ ቤት እንደምትቀመጥ፣ ያ ብርሃንም እንደሚጠፋ ያውቃል።

ዝምታ ግን ልጅ አያነሣም። ፍራሹ ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ ኢክራምን አዘለ፣ ከላይ ሰፊውን የዝናብ ልብሱን ደረበ፣ ወደ ክሊኒክ ወረደ።

፫

(በፊዚዮቴራፒ ክፍል የተባለው፣ ቃል በቃል። ሲስተር ትርንጎ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ትዕግሥታቸው ያልሸበተ ሴት ናቸው።)

ትርንጎ፦ ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?

ይመር፦ መሪ ጠምዝዤ ነው ሲስተር። የገልባጭ መኪና መሪ ከባድ ነው።

ትርንጎ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የነዳኸው መቼ ነው?

ይመር፦ ሰኔ።

ትርንጎ፦ አሁን ነሐሴ ነው።

ይመር፦ ቂም ይዞብኝ ይሆናል።

ትርንጎ፦ አውራ ጣትህን አጥፈህ በአራቱ ጣቶችህ ጨብጠው። እንደዚያ። አሁን እጅህን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ዘንበል አድርገው።

ይመር፦ (ያለው ነገር እዚህ አይጻፍም።)

ትርንጎ፦ ጀርባህ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ይመር፦ ብርድ ስላለ ነው የደረብኩት።

ጀርባው፦ እጥሽ!

ትርንጎ፦ ይማርሽ። እስቲ አውርዳትና እንዴት እንደምታነሣት አሳየኝ።

ይመር፦ (አውራ ጣቶቹን በብብቷ ሥር ዘርግቶ ብድግ ያደርጋታል። ፊቱ ይጨማደዳል። ቢሆንም ሳያስበው «እሹሩሩ» ይላል።)

ትርንጎ፦ በቃ። የእናቶች በሽታ ነው።

ይመር፦ የማን?

፬

ሲስተር ትርንጎ ገመድ ሳሉለት። ገመዱ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ገመዱ የአውራ ጣት ጅማት ነው፤ ቱቦው የእጅ አንጓው ላይ ያለው ሽፋኑ። ሕፃን በቀን ስልሳ ጊዜ በአውራ ጣት ሲነሣ ያ መተላለፊያ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ገመዱም ባለፈ ቁጥር ይፋተጋል። ዕረፍት ካገኘ ይድናል። እስኪድን ደግሞ ልጅቱን በአውራ ጣት ሳይሆን መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ በክንድ ማቀፍ፣ እጁንም በሚታሰር መደገፊያ ማሳረፍ አለበት። ከዚያ የሚገዛውን መደገፊያ ዓይነት ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፉ፦

አንጓንና አውራ ጣትን አንድ ላይ የሚይዝ።
የአውራ ጣት ጫፍና ሌሎቹን ጣቶች የማያስር።
የቀኝ እጅ። የቀኝ!
ጠበቅ ያለ፣ ግን ጣት የማያደነዝዝ።

«ሌላ ጥያቄ አለህ?»

ይመር ወደ በሩ አየ፤ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ጎንበስ አለ።

«ከላይ ‹የሾፌር› ብለው ሊጽፉልኝ ይችላሉ?»

፭

የሕክምና ዕቃ መደብሩ ባለቤት አቶ ገዛኸኝ ወረቀት አያነቡም። ሰው አይተው ነው የሚሸጡ።

አንደኛ፦ «ይኸው ላስቲክ። እግር ኳስ ተጫዋቾች ሁሉ ይሄን ነው የሚያደርጉ።» ልስልስ ያለ ነው፤ ይሞቃል። አውራ ጣቱ ግን እንደ ልቡ ይዞራል። ይመር አንድ ጊዜ አዞረው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይቅር።

ሁለተኛ፦ ውስጡ ስስ ብረት ያለው፣ አንጓውን እንደ ግንብ የሚያቆም። አውራ ጣቱ ግን በቀዳዳ ብቅ ብሎ መንገደኛ እንደሚያይ ልጅ ይንጠራራል። «ሲስተር አንድ ላይ ነው ያሉት» አለ ይመር። «ሲስተር እዚህ አሉ?» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

ሦስተኛ፦ ልክ እንደተባለው! አንጓውንም ጣቱንም ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ይመር ደስ አለው፤ እያገላበጠ አየው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ግር አለው። አውራ ጣቱ መውጣት የነበረበት ቦታ ላይ ትንሿ ጣቱ ወጥታለች።

የግራ ነበር።

አራተኛውን አቶ ገዛኸኝ ከመደርደሪያው ጫፍ በመሰላል አወረዱት። ግራጫ ነው፤ ማሰሪያዎቹ ሐምራዊ። የቀኝ ነው። አንጓውን በሜትር ለክተው ትልቁን ቁጥር ሰጡት። ይመር አሰረው፤ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ የአውራ ጣቱን ጫፍ ነካ አደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አላመመውም።

«ማሰሪያው በጥቁር የለም?» አለ።

«ጥቁሩን ወንዶች ጨረሱት።»

ይመር በዚህ ቃል ምን ያህል እንደተጽናና አቶ ገዛኸኝ ዛሬም አያውቁም።

፮

መደገፊያን ከሚስት ለመደበቅ፦

ከመምጣቷ ሩብ ሰዓት በፊት አውልቅ። ስታወልቀው መጣበቂያው ጨርቅ እንደሚቀድ ሰው «ቸርርር» ስለሚል አሳል። በርበሬ ማሰሮ ውስጥ አትደብቀው። (ይመር ደብቆታል። በማግሥቱ ዓይኑን አሸበት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አይባልም።) የዳይፐር ቦርሳም አይሆንም። መኪና መፍቻ ሣጥን ውስጥ ጨምረው፤ እዚያ እሷ አትደርስም።

አሁን «ለምን አትነግራትም?» የምትል አንባቢ ትኖር ይሆናል። ልክ ነሽ። ይመርም በየማታው ይህንኑ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ሉባባ ስለ ሥራ ባልደረቦቿ እየሣቀች ስታወራለት፣ ነገ እነግራታለሁ ይላል።

፯

ሉባባ ሥራ ላይ ሳለች የሰፈር ስብሰባ ተጠራ፤ ቦዩ በደለል ተደፍኖ ጎርፉ በየግቢው እየገባ ነበር። ይመር ኢክራምን አዝሎ ከኋላ ተቀመጠ። ሲስተር ትርንጎ እብጠቱ እንዲቀንስ እጁን ከፍ አድርጎ እንዲያሳርፍ ነግረውታል፤ ስለዚህ ክርኑን ከፊቱ ያለው ወንበር ጀርባ ላይ አድርጎ እጁን ወደ ላይ አቆመ። መደገፊያው ደግሞ አውራ ጣትን ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዝ።

«ለቦይ ጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢነት ፈቃደኛ የሆነ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አቶ ይመር! ያውም አውራ ጣቱን አውጥቶ! እንዲህ ነው እንጂ ወጣት!»

ጭብጨባ። ይመር «አይደለም! አይደለም!» እያለ እጁን አወዛወዘ። ቀጥ ያለው አውራ ጣት በተወዛወዘ ቁጥር ጭብጨባው ጨመረ። ምክትል ማን ይሁን ተባለ፤ እጁን ለማውረድ ሲጣደፍ በአጠገቡ ወዳለው ሰው ጠቆመ። ያ ሰው እስከ ዛሬ አያናግረውም።

፰

በማግሥቱ ባንኩ «ሲስተም የለም» ብሎ ሠራተኞቹን በስምንት ሰዓት ለቀቀ። ሉባባ በሩን ስትከፍት ይመር ጡጦ እያጠበ ነበር፤ መደገፊያው እንዳይርስ ላስቲክ ከረጢት አጥልቆበታል።

ማሳል አላዳነውም።

ሉባባ ከረጢቱን አየች። በውስጡ ግራጫውን አየች። ሐምራዊውን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይመር» አለች በቀስታ፣ «የእኔን ከየት አገኘኸው?»

ጡጦው ከእጁ ወደቀ።

«የ…»

«የባንክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው የምቆልፈው! እንዴት ገብተህ ነው?»

«የአንቺ?»

ይመር ውኃውን መዝጋት እንኳ ረሳ።

ሉባባ ቦርሳዋን ከፈተች። ለካ ዛሬ በድንገት ሲለቀቁ ሳታስበው ይዛው ወጥታለች። አነስ ያለ ቁጥር ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት።

«ኢክራም አርባ ቀን ከሞላት ጀምሮ ነው» አለች። «ለአንተ ብነግርህ ለእናትህ ትነግራለህ፤ እሳቸው ደግሞ ወጌሻና ሁለት ኪሎ ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። እጄን እያሹ አንድ ወር ይከርማሉ።»

ይመር ሊስቅ ነበር። አልቻለም። ይልቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የደበቀው ወጣ።

«ሉቤ… ጥያታለሁ። ፍራሽ ላይ ነው። ግን ጥያታለሁ።»

ሉባባ ቀረብ ብላ ላስቲኩን ከእጁ አወለቀችለት። ሐምራዊዋን ማሰሪያ አስተካከለችለት።

«እኔም» አለች።

፱

ያን ከሰዓት በኋላ የሆነውን በሥርዓት ለመጻፍ አስቸጋሪ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ተለቃቀሱ። ከዚያ ይመር ሲስተር ትርንጎ ያሳዩትን አስተቃቀፍ በትራስ ሊያስተምራት ሲል ትራሱን ጣለው፤ እሷም «ስንት ልጅ ጨረስክ!» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሣቅ ጀመሩ። እየሣቁ የየራሳቸውን መደገፊያ አሰሩ፤ እጃቸውን ጎን ለጎን አቆሙ፤ ሁለት አውራ ጣቶች ወደ ጣሪያው ቀጥ አሉ።

በዚህ ሣቅ ኢክራም ነቃች። ማልቀስም ጀመረች።

«አንተ አንሣት።»

«አንቺ አንሺያት።»

«ኮሚቴ አይደለህ?»

ልቅሶው ጨመረ። ሁለቱም ተነሡ። ሁለቱም እኩል አልጋው አጠገብ ደረሱ፣ ሁለቱም ጎንበስ አሉ፤ ጭንቅላታቸው ተጋጨ። ኢክራም ከታች አየቻቸው፤ ትንፋሿን ለሚቀጥለው ጩኸት ሳበች።

፲

(እስከ ዛሬ ስላልተስማሙ አንባቢ ይሙላው።)

ኢክራምን ከአልጋዋ ያነሣት፦





በየትኛው እጅ፦