የአለቃ ዓምደ ሚካኤል በቅሎ በኢቲቻ ሠርግ

ኢቲቻ የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያትን መቋሚያ የሰበረው ተቀምጦበት ነው። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ጨርሰው፣ መሪጌታ ልጃቸውን ብዙነሽን ለመስጠት ቃል ገብተው፣ እርሱ ገብቶ እጅ እንዲነሣ ተጠራ። እጅ ነሣ። ተቀመጥ አሉት። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ ከአጎዛው ሥር ደግሞ መሪጌታ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ማሕሌት የቆሙበት መቋሚያ ተኝቷል። ሲሰበር ድምፁ እንደ ደረቅ ማገዶ ነበር።

መሪጌታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ሁለቱን ስባሪ አንሥተው ገጠሙና በጠፍር አጥብቀው አሰሩ። ለሽማግሌ የሰጡትን ቃል ማጠፍ ነውር ስለሆነ አላጠፉም፤ ሌላ ቃል ግን ጨመሩበት።

«ልጄ ከቤቴ በእግሯ አትወጣም። የሠርጉ ዕለት ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ በቅሎ ይዞ ከደጄ ከቆመ ይውሰዳት። ካልቆመ ቃሌ ወደ እኔ ይመለሳል።»

ኢቲቻ በቅሎ እንደሌለው እንጦጦም የካም ያውቃል። ያለው ጥማድ በሬና ማንንም የማትሰማ አንዲት ፍየል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ ነገር ግን መቋሚያው ሲሰበር ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ስትስቅ ሰምቷል። ብዙነሽ ነበረች። ያን ሳቅ ከሰማ በኋላ ሌላ ሴት ማግባት የማይታሰብ ሆነበት።

የካ ተዳፋት ላይ፣ ከኢቲቻ ማሳ በላይ፣ እመት በለጡ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩት። ባላቸው አለቃ ዓምደ ሚካኤል ከሞቱ ሁለት ክረምት አልፏል። እመት በለጡ በባላቸው ቀብር እንባ አላፈሰሱም ተብሎ ብዙ ታምተዋል። ልቅሶ ደራሹን ተቀብለው፣ አብልተው፣ አመስግነው ሸኙና ወደ ፈትላቸው ተመለሱ። አገሩ ሌላ ወሬ እስኪያገኝ ድረስ ይህንኑ ሲያወራ ቆየ። የአለቃ በቅሎ ዳሚትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጋጣ አልወጣችም። ኢቲቻ የእመት በለጡን ማሳ በየዓመቱ ያርስላቸው ስለነበር ድፍረት አገኘና ሄዶ ለመናቸው።

እመት በለጡ እንዝርታቸውን አቁመው ጥቂት አሰቡ። «ውሰዳት» አሉ። «ያልተነካች በቅሎ ናት። አለቃ በዓመት ስንቴ ቢቀመጡባት ነው? እንደ አዲስ ናት።»

እንደ አዲስ የተባለችው ዳሚት ከጋጣ ስትወጣ በሩ ጠበባት። አለመሄድና ገብስ ተጋግዘው ሆዷን እንደ ጎተራ አድርገውታል። ሰኮናዋ አድጎ ጫፉ እንደ አሮጌ ጫማ ወደ ላይ ተጠማዟል። ኮርቻው ውስጥ አይጥ ልጅ ወልዳ፣ ልጅ ድራ፣ የልጅ ልጅ አይታለች። ልጓሙን ዝገት በልቶታል፤ ዛቡ፣ የልጓሙ መያዣ ቆዳ፣ ደርቆ ሲያጥፉት እንደ ቋንጣ ይሰበራል።

ኢቲቻ እጅጌውን ሰበሰበ። ገብሱን ከልክሎ ጭድ አበላት፤ ዳሚትም ቅያሜዋን በጥርሷ ገለጸች። ሰኮናዋን በስል ቢላ ቀስ እያለ ላጠው። አይጦቹን ከነዘመዶቻቸው አስወጥቶ ኮርቻውን እንደገና ሞላ። ልጓሙን በአሸዋ ፈተገ፤ ዛቡን በአዲስ ቆዳ ለወጠ። የሆዷን ጠፍር ግን፣ ኮርቻውን ከበቅሎዋ ጋር የሚያስረውን ማለት ነው፣ በቅቤ ቢያሸው እንደ መስታወት አበራ። ይህን ያህል ያማረ ነገር መጣል ኃጢአት መሰለው። እመት በለጡ አልፈው ሲሄዱ አዩትና ያረጀ ጠፍር ቅቤ አያድነውም፣ ለውጠው አሉት። እሺ እለውጠዋለሁ አለ። አልለወጠውም።

ዳሚት ሆዷ ጎደለ፣ ጠጉሯ አበራ፣ ኮርቻው በልክ ተቀመጠ። ኢቲቻ በደስታ ወጣባት። እርሷም ቆመች።

ጎተታት፣ ቆመች። ሚዜ ሊሆን የታጨው ጓደኛው ነገሳ ከኋላ ገፋት፣ ቆመች። ገብስ ፊት ለፊቷ ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ፤ አንገቷን እንደ ሰጎን ዘርግታ ገብሱን በላችና ቆመች። ነገሳ ይህች በቅሎ አይደለችም፣ ቤት ናት፣ በር አውጣላትና ሚስትህን አግባባት አለ። ይህን ብሎ ሲስቅ ዳሚት የቆመችበት ሰልችቷት ኖሮ እግሯን አንሥታ በእርሱ እግር ላይ አሳረፈች።

«ወይኔ፣ ወይኔ፣ ወይኔ» አለ ነገሳ፤ ከልቡ ነበር።

የዳሚት ጆሮ ቀጥ አለ። አንገቷን ደፋች፤ ከዚያም ውኃ በማያፈስስ፣ በተመጠነ፣ ልዑል በሚያስቀና ስግሪያ ተነሥታ ሄደች። ኢቲቻ በኮርቻው ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። ነገሳ እግሩን ይዞ እየጮኸ ተከተላቸው። ዳሚት ጎረቤታቸው ኦቦ ሂርጳ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ነገሳ ትንፋሽ አጥሮት ዝም አለ፤ እርሷም ዝም ብላ ቆመች።

ኦቦ ሂርጳ ደጃቸው ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በቅሎዋን አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሚስታቸውን ጠርተው አልጋ እንድታነጥፍላቸው አዘዙ፤ ጋሻቸው ለታላቁ ልጅ፣ ጊደሯ ለታናሹ እንድትሆንም ተናዘዙ።

ኢቲቻ ምን ሆኑ ቢላቸው «እኔን ትጠይቀኛለህ?» አሉ። «የአለቃ በቅሎ ሰው ካልሞተ ደጅ ቆማ አታውቅም። እርሷ ደግሞ አትሳሳትም።»

ኦቦ ሂርጳን በሕይወት እንዳሉ ለማሳመን ከቀትር እስከ ማታ ፈጀ፤ አንድ ዋንጫ ጠላም ጠየቀ። ከዚያ ኢቲቻ ወደ እመት በለጡ ሄደ።

«ለምን አልነገሩኝም እሜቴ?»

እመት በለጡ አልደነገጡም። አለቃ ለሠርግም ለገበያም በእግራቸው ነበር የሚሄዱት አሉ። በቅሎዋን የገዙት ፍትሐት እንዳያመልጣቸው ነው። ልቅሶ ሲሰሙ ኮርቻ፣ ልቅሶ ሲያበቃ ጋጣ። «ሌላ መንገድ አታውቅም፤ ማን አሳያት?» አሉ።

የቀሩትን ቀናት ዳሚትን ዘፈን ሊያስተምሯት ሞከሩ። ነገሳ እያጨበጨበ የሙሽራ ዘፈን ሲዘፍንላት ወደ ኋላ ትሄድ ነበር። በዚህ አካሄድ የካን ለቅቃ ቆላ ትወርዳለች እንጂ እንጦጦ መሪጌታ ደጅ አትወጣም። ሌላ በቅሎ ለመዋስ ጊዜ የለም፤ ቢኖርም በሠርግ ወር በቅሎ የሚያውስ የለም። ስለዚህ የሠርጉ ዕለት ጠዋት ኢቲቻ የተዋሰውን ካባ ለብሶ፣ የአባቱን ጋሻ አንግቦ ወጣባትና ሚዜዎቹ ማልቀስ ጀመሩ።

መጥፎ አልቃሾች ነበሩ። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ይስቃል፤ ሲስቅ ዳሚት ትቆማለች። ነገሳ ልቅሶውን ብቻውን ተሸክሞ ሲጮህ ዳገቱ ሥር ሳይደርሱ ድምፁ ተዘግቶ እንደ ጀማሪ አውራ ዶሮ ሆነ። ዳሚት ጥዶቹ መካከል ቆመች። ፀሐይዋ ግን አልቆመችም። ኢቲቻ ወደ ዳገቱ አየ፣ ወደ ፀሐይ አየ።

እመት በለጡ ኮርቻውን አያለሁ ብለው ከኋላ በእግራቸው ይከተሉ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ፊት መጡና ነጠላቸውን አደግድገው ማልቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፃቸው እንደ ሥራ ነበር፤ ሸማኔ ሸማ እንደሚሸምን ማለት ነው፣ አንዱን ከአንዱ እያያያዙ። ዳሚት ወዲያው ተነሣች። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን ኢቲቻ አንድ ነገር ተሰማው። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ቃሉ ጠፍቷል። ዳሚትም መስገሯን ትታ፣ አንገቷን ወደ እርሳቸው አዘንብላ፣ ከእርምጃቸው ጋር እኩል መራመድ ጀመረች። ዞሮ ሊያያቸው ፈለገና ተወው። ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ሄደ።

የአገሩ ሰው ልቅሶ ሲያገኝ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ በኋላ ይጠይቃል። እንጨት ለቃሚዎች ሸክማቸውን አውርደው ገቡበት። ገበያተኞች ገቡበት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቄስ ጥላቸውን አጥፈው ገቡበት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ኢቲቻ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ሕዝብ ከኋላው ያለቅስ ነበር።

ጠፍሩ የተበጠሰው ያን ጊዜ ነው። ያ በቅቤ የሚያበራ ጠፍር አንድ ጊዜ ጧ ብሎ ለሁለት ተለያየ፤ ኢቲቻም ከነኮርቻው በበቅሎዋ ጎን ተንሸራትቶ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። እመት በለጡ ማልቀሳቸውን ሳያቋርጡ በዓይናቸው ብቻ አልኩህ አይደለም አሉት። ነገሳ መቀነቱን ፈትቶ ኮርቻውን ቢያስረውም የሰው ክብደት የሚችል አልነበረም። ስለዚህ ካባው ሌላ ጭቃ እንዳይነካው ከጋሻው ጋር ኮርቻው ላይ አሰሩት፤ ኢቲቻም ከአልቃሾቹ መካከል ገብቶ በእግሩ ተከተለ። በቅሎዋ እንዳትቆም ደግሞ እርሱም አለቀሰ።

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ከደጃቸው ቆመው ፀሐይን ሲቆጣጠሩ ቆይተዋል። አናት ላይ ወጥታ ጥቂት ስታዘነብል ጢማቸውን አሻሹ። ወዲያው ከየካ በኩል ዋይታ ሰሙ። ዋይታው ቀረበ። ከሁሉ ፊት ሰው ያልተቀመጠባት በቅሎ ብቅ አለች፤ የአለቃ ዓምደ ሚካኤል በቅሎ መሆኗን ወዲያው ለዩአት። ኮርቻዋ ላይ የሙሽራ ካባና ጋሻ ታስሯል። ወንድ ሲሞት በቅሎው ከነልብሱና ከነጋሻው እንዴት ባዶዋን ወደ ልቅሶ እንደምትመጣ መሪጌታ ያውቃሉ።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጃቸው ላይ ቆሙና፣ ድምፃቸው ማሕሌት የለመደ ነውና፣ ሸለቆውን ሞሉት።

«መቋሚያዬን ብትሰብረው፣ ጠገንሁት በጠፍር፤
አሁን የሰበርኸው ወገቤ፣ በምን ጠፍር ሊታሰር።»

ሕዝቡ ተቀበላቸው። ማን እንደሞተ አሁን ገና ስለገባው በአዲስ ጉልበት ነው። መሪጌታ ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ጨዋ፣ እንዲህ ያለ አራሽ፣ እንዲህ ያለ አንገተ ሰባራ ልጅ የት ይገኛል አሉ። በቅሎ ብዬ ያስገደልሁት እኔ ነኝ አሉ። «በእግሩ ቢመጣ በሰጠሁት» አሉ፤ «ውሎ ቢያድር፣ መሽቶ ቢመጣ በሰጠሁት። እናንተ ስሙኝ፣ በሰጠሁት።»

ሁሉም ሰማ። ኢቲቻም ከእንጨት ለቃሚዎቹ ኋላ ቆሞ ሰማ። ስለ ራሱ ይህን ያህል መልካም ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው በለጋነቱ መቀጨቱ አንጀቱን በላውና እንባው እየወረደ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አጠገቡ የነበሩት ቄስ ዘመድህ ነው ወይ ብለው ትከሻውን ያዙት። በጣም ቅርቤ ነበር አለ።

የሙሽራ ልብስ እንደለበሰች ብዙነሽ ከቤት ወጣች። በቅሎዋን አየች፣ ካባውን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ በሕዝቡ ላይ ሲንከራተት፣ ቂጡ ድረስ በጭቃ ተለውሶ በቄስ ትከሻ ላይ የሚያለቅሰውን ሰው አገኘ።

ሳቀች። ያ ከመጋረጃ ጀርባ የተሰማው ሳቅ ነበር፤ አሁን ግን መጋረጃ አልነበረውም።

ልቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተያያዘ ጠፋ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ኢቲቻን አየው። ኢቲቻ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ እጅ ነሣ። መሪጌታ እርሱን አዩ፣ አናታቸውን ያለፈችውን ፀሐይ አዩ፣ ቃላቸውን የሰማውን ሕዝብ አዩ። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ ቄስም ነበረበት።

«ኮርቻው ምን ሆነ?» አሉ በመጨረሻ።

ጠፍሩ ተበጠሰ አላቸው ነገሳ፣ በቀረችው ድምፅ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ። በጥርሳቸውም በጥፍራቸውም ታግለው የታሰረበትን ጠፍር ፈቱት። መቋሚያው ለሁለት ተለያየ። ጠፍሩን ለኢቲቻ ወርውረውለት ስባሪዎቹን በብብታቸው ይዘው ወደ ቤት ገቡ፤ ሲገቡም ለአልቃሾቹ ሁሉ ምሳ እንዲቀርብ አዘዙ፤ ይህም ለቤቱ እመቤት ሌላ ልቅሶ ሆነ።

ወደ ማታ ኮርቻው በዚያ ጠፍር ታስሮ ብዙነሽ በዳሚት ላይ ወጣች። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ማልቀሷ ወግ ነው፤ ስለዚህ በቅሎዋ አላስቸገረችም፣ እየሰገረች ወረደች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግን ብዙነሽ የኢቲቻን የጭቃ ሱሪ ከፊቷ እያየች መቻል አቃታትና ሳቋ አመለጣት። ዳሚት ቆመች።

ሁሉም እመት በለጡን አየ። እርሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ለእኔ የዛሬው ይበቃኛል» አሉና ቁልቁል ወደ የካ መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ዞረውም አላዩ።

ዳሚት ጆሮዋን አቆመች። ማንም አላለቀሰም። ብዙነሽ አፏን በእጇ አፍና ገና ትስቃለች። በቅሎዋ ጥቂት አሰበችና፣ ቀስ ብላ፣ እመት በለጡን ተከትላ ወረደች።