በአንድ ስም የገባ ሰፈር

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በር ላይ የቆምከውም ግባና ተቀመጥ፣ ብርዱን አስገባህብን። የልብስ ሰፊዋን ነገር ላጫውታችሁ።

ሰፊዋ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠግታ፣ ስትቀድና ስትጥፍ ትውላለች። ጣጣው የመጣው ከመስኮቱ ማዶ ነው። ጎረምሶች የአጥሯን ግንብ መቀመጫ አደረጉት። ሲመሻሽ ተሰብስበው ጣሪያዋ ላይ ጠጠር ያዘንባሉ፣ በሯ ላይ ይሸናሉ፣ ልብስ ልትለካ የመጣችን ልጅ መንገድ ዘግተው ይለክፋሉ።

«እማማ ክር! እስቲ አፋችንን ይስፉልን!» ይሏታል።

ሰው አልገደሉ፣ ዕቃ አልሰረቁ። ደንበኛ ግን ቀረ፤ እሷም እንቅልፍ አጣች። ያለቻት ተስፋ ጥጉ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ኬላ የሚቆመው ፖሊስ ነበር። እሱ ብቅ ሲል ይበተናሉ፣ ዞር ሲል ይመለሳሉ። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

የእህቷ ልጅ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ አቤቱታ ተቀባይ ነው። «አክስቴ፣ ወረፋ ምን ያንገላታሻል? ቀጥታ ወደ እኔ ነይ» አላት። ይህን ጎረቤት ሰማ። ጎረቤትን ታውቁት የለ፣ አቋራጭ ካየ ዋናውን መንገድ ይረሳል!

«እትዬ፣ የቤቴን በር ሲደበድቡ ማምሸታቸውን እግረ መንገድሽን ንገሪልኝ» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ሴት ልጄን መሳደባቸውንም አደራ» አለች የማዶዋ ነርስ።

እምቢ ማለት አታውቅም፤ የሰፈሩ አፍ ሆነች። የሁሉን ብሶት ተሸክማ ትሄዳለች፣ ልጁም ይጽፋል።

አንድ ጠዋት ወጣ ብትል ሰዎች ኬላዋን የጭነት መኪና ላይ ይጭኗታል።

«ምነው፣ ወዴት ነው?» አለችው ፖሊሱን።

«ጸጥተኛ ሰፈር ናችሁ አሉ እማማ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔን ረብሻ ወዳለበት መደቡኝ።»

ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች ጣቢያ ሮጠች። የእህቷ ልጅ ሲያያት አንገቱን ደፋ።

«አክስቴ፣ የአገሩ የአቤቱታ ቁጥር ተደምሮ መጣ። የእናንተ ሰፈር ከሁሉም አነሰ።»

«እንዴት ሆኖ? ስንቱን ነግሬህ!»

«ወንጀል ያልሆነ ረብሻ፣ አንድ ሰው ቢመላለስበትም አንድ ተብሎ ነው የሚገባው። ደንቡ ነው። የሁሉም አቤቱታ ደግሞ በአንቺ ስም ነው።»

«የዳቦ ጋጋሪው በር የእኔ በር ነው?»

«የመጣሽው አንቺ ነሻ።»

«ነይ ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ላቀልልሽ ብዬ እኮ ነው፣ አክስቴ...»

«በል አስተካክለው።»

«ተደምሮ የሄደ አይነካም። ለከርሞ እያንዳንዱ በራሱ ይምጣ።»

ልጁን መቆጣት አቃታት። «ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ፤ እኔው ነኝ አያያዙን ያበላሸሁት» ብላ ወጣች።

ከበር በር እየዞረች «ለከርሞ በየራሳችሁ ሂዱና አመልክቱ» አለች። ዳቦ ጋጋሪው ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦

«ፖሊሱ ከሄደ በኋላ? ማን እንደከሰሳቸው ቢሰሙ ምድጃዬን ያፈርሱታል። ዘመድ ያለሽ አንቺ፣ አንቺው ሂጂልን።»

ነርሷ በሩንም አልከፈተችላትም።

ለአንድ ቁጥር ምን ልሂድ ብላ ሰፊዋም ቀረች። መስኮቷን በጣውላ አስመታች፤ የስፌት መኪናዋን ወደ ጓዳ ጎተተች። እዚያ ብርሃን የለም። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት በጣቷ ትዳስሳለች፤ ጠጠሩ ጣሪያው ላይ ሲወርድ እጇ ይስታል፣ እንደገና ትጀምራለች። ዓመቱ ሲዞር ሰፈሩ ከአምናውም ይልቅ ጸጥተኛ ተባለ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እገሌ ሰፈር ሰላም ነው ሲባል ብትሰሙ ደስ ይበላችሁ፣ አልከለክልም። ግን እባካችሁ፣ በዚያው አፍታ ጓዳ ውስጥ ክር የምትዳስሰዋን አስታውሱልኝ።