የነጭ ጀልባ ምርጥ ዘፈኖች

«ነጭ ጀልባ» የድሬዳዋ ባንድ ነበር። ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ወንዟም ዝናብ ካልጣለ አሸዋ ነው ይላሉ። ጀልባውን ከየት አመጡት ብዬ የድሬዳዋ ልጅ የሆነችውን ጓደኛዬን ሩቅያን ስጠይቃት፣ «አቦ፣ ስም ነው እንጂ ልንሳፈርበት ነው እንዴ!» አለችኝ።

ባንዱን ያወቅሁት በእሷ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ በልጅነቴ ስለ እነሱ የሰማሁት ነገር የለም። ሩቅያ እዚህ፣ የድሬዳዋ ባቡር በሚያልቅባት የሰው አገር የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ከወንድሟ ከኑረዲን ጋር ጨርቅ ትሸጥ ነበር። እኔ ማዳም ሀያ የምትባል የዚሁ አገር ሴት ቤት እየኖርኩ እሠራለሁ። ለማዳም የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ገብቼ ነው የተዋወቅነው። ዓርብ የእኔ እረፍት ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከተማው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ሲተኛ፣ ሩቅያ የሱቁን የብረት መዝጊያ እስከ ግማሽ ታወርደዋለች። ከዚያ ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን ከስልኳ ነጭ ጀልባን እንሰማለን። አንድ ኢርፎን ለሁለት ነው፤ እሷ ቀኙን፣ እኔ ግራውን። እሷ ባሏ ሞቶባታል፣ እኔ አላገባሁም። ዘፈኑ አልቆ ማናችንም ሳንናገር የቬንቲሌተሩን ድምፅ ብቻ የምንሰማበት ጊዜ ነበር፤ እሱም ደስ ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። በዚያው ሰሞን፣ ባንዱ ከተበተነ ከስንት ዘመን በኋላ፣ «የነጭ ጀልባ ምርጥ ዘፈኖች» የሚል አልበም ወጣ። ሩቅያ ካርቲየ 4 ካለ ሙዚቃ ቤት በሚሞሪ አስጭና መጣች።

«አሁን አንሰማውም አይደል?» አልኳት።

«በረመዳን? እኔን ማን አደረግሽኝ!» ሚሞሪውን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ያዥው። እኔ ዘንድ ካደረ ሸይጣን ያሸንፈኛል። ኢድ ይምጣ፣ ፋሲካ ይምጣ፣ ያኔ አብረን።»

ሽፋኑን ማየት ግን ጾም አይሽርም ብለን በስልኳ ከፈትነው። አምስት ወንዶች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ሐዲድ ላይ ቆመዋል። ከሥራቸው የዘፈኖቹ ርዕስ ተጽፏል።

«‹ሰኞ አይመሽም›ን አስቀርተውታል!» ሩቅያ ጭኗን መታች። «ያለ እሱ ምኑ ነው ምርጥ? እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን አዳምጠው አያውቁም!»

«‹ነገ ባቡር የለም› ግን አለ።»

«እሱንማ ቢተዉት ድሬዳዋ ሄጄ እከሳቸው ነበር። ያ ሳክስፎን!»

«የምን ሳክስፎን? ኦርጋንና ተቀባዮቹ ሴቶች ናቸው እንጂ እዚያ ውስጥ ሳክስፎን የለም።»

«ወላሂ እንቁ፣ አንቺ የምትሰሚው ዘፈን አይደለም፣ ቅዳሴ ነው።»

ከልባችን ተከራከርን። ማን ልክ እንደሆነ ከፍተን እንዳናየው ጾም ነው፤ እሱም አሳቀን።

ኢድ ሆነ። የእሷ ጾም ተፈታ፤ የእኔ ገና ነበር። በማግስቱ ሚሞሪውን ልሰጣት ስዘረጋ፣ ጣቶቼን አጥፋ መልሳ አስያዘችኝ።

«አብረን ነው ያልነው። አንቺ እስክትፈቺ እኔም አልሰማም።»

ከዚያ ወዲያ ፋሲካን ከእኔ ይልቅ እሷ ትቆጥር ጀመር። «ይሄ ፋሲካችሁ ዘንድሮ መንገድ ጠፋበት እንዴ?» ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ የሚጠብቀኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም።

ኑረዲን ሱቁን ዘግቶ ድሬዳዋ ሊገባ ነው የሚለው ወሬ የመጣው ያኔ ነው። አከራዩ ቤቱን ለልጁ ፈልጎታል፤ ኑረዲንም ሌላ ቦታ እንደ አዲስ መጀመር ታከተው። የሚሄዱበት ቀን ተቆረጠ፤ የሕማማት ረቡዕ። የእኔ ፋሲካ እሑድ።

የመጨረሻው ዓርብ ሱቁ ባዶ ነበር። ጣቃዎቹ ተጭነዋል፤ ካርቶን አንጥፈን መሬት ላይ ተቀመጥን።

«ዛሬ እንስማው» አለች ሩቅያ። «ሌላ ዓርብ የለንም።»

ሚሞሪው የተቋጠረበትን የነጠላዬን ጫፍ ጨበጥኩ።

«ሥጋ ብዪ አላልኩሽም፣ እንቁዬ። ዘፈን ነው። ፈጣሪ ይሄን አይረዳም?»

ይረዳል። እሱን አልተጠራጠርኩም። ነገር ግን በሰው ቤት የሚኖር ሰው የሚተኛበት ሰዓት የራሱ አይደለም፤ የሚነሣበትም፣ የሚበላውም። ጾሜ የእኔ ነው። ማዳም ሳህን ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ «አልችልም» የምላት በእሱ ብቻ ነው። ከእሱ ላይ ትንሽ ቆርሼ ብሰጥ፣ ለምወዳት ለሩቅያም ቢሆን፣ ምን እንደሚተርፈኝ አላወቅሁም። ይህን ልነግራት ፈልጌ ነበር።

«አልችልም» አልኳት፣ ልክ ለማዳም በምልበት ድምፅ።

«እሺ» አለች። ኢርፎኑን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

ረቡዕ ጠዋት የማዳም ሀያ በር ተንኳኳ። ሩቅያ ናት። ከኋላዋ ኑረዲን ታክሲ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጣሪያው ላይ ሻንጣ ታስሯል።

«አንዱን ብቻ» አለች። ስልኳን ይዛለች፤ ኢርፎኑ ተሰክቷል። «‹ነገ ባቡር የለም›ን ብቻ። እዚሁ በሩ ላይ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

ሚሞሪው ነጠላዬ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ነበር። ቋጠሮውን ፈትቼ ዘረጋሁላት።

«ሕማማት ነው፣ ሩቅያዬ። ውሰጂውና ባቡሩ ላይ ስሚው።»

«ብቻዬን?» እጇን አልሰነዘረችም። «ያዥው። አልፈልግም።»

«ሩቅያ!» ኑረዲን በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ናጋድ ጣቢያ የቆመው ባቡር የአባታችን መሰለሽ? ጥሎን መሄዱ ነው!»

ሩቅያ እጆቿን ዘርግታ ልትስመኝ መጣች። እኔ ወደ ኋላ አልኩ። አስቤበት አይደለም። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ስለሰጠ በሕማማት አንሳሳምም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው።

እጆቿ አየር ላይ ቀሩ።

«መሳምም?»

«መሳምም። እስከ እሑድ።»

«እሑድማ እኔ ድሬዳዋ ነኝ» አለች። ልትስቅ ሞክራ ነበር። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። ለእንግዳ ሰው እንደሚደረገው ነበር የተሰነባበትነው። ታክሲው ወደ ትልቁ መንገድ ታጥፎ ከሄደ በኋላም በሩን ሳልዘጋ ቆሜ ስቀር፣ ማዳም ከውስጥ «ሙቀት አስገባሽብን!» ብላ ጮኸችብኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሼ፣ ሠርቼ፣ ማዳም ከምሳ በኋላ ስትተኛ ክፍሌ ገባሁ። ሚሞሪውን ባለ ቁልፏ ስልኬ ውስጥ ከተትኩት፤ ከቡላኦስ ሰፈር የገዛሁትን ኢርፎን ሰካሁ። ነጭ ጀልባን በሁለት ጆሮዬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ነገ ባቡር የለም»ን ከፈትኩ። ኦርጋኑ እንደማውቀው በግራዬ ገባ። ሴቶቹ ተከተሉ። ቀጥሎ በቀኜ በኩል ሳክስፎን ተነሣ።

ደንግጬ አቆምኩት። ከመጀመሪያው መልሼ ከፈትኩት። አለ። ሴቶቹ በግራ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ እሱ በቀኝ ይመልስላቸዋል፤ ዘፈኑ ሙሉውን እንደዚያ ነው። ከጎኔ ተቀምጣ የምትሰማው ይህን ነበር ለካ። አብረን የሰማነው ሁሉ ለእኔ እኩሌታው ነበር፣ ለእሷም እንደዚያው።

የሰጠችኝን የድሬዳዋ ቁጥር ደወልኩ።

«እንቁዬ! እንኳን አደረሰሽ! ዶሮው እንዴት ነው?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ሩቅያ፣ ሳክስፎን አለበት።»

«ምን አለበት?»

«‹ነገ ባቡር የለም›። በአንቺ በኩል ነበር የሚጫወተው፣ ለዚያ ነው እኔ...»

ከኋላዋ ሰዎች ይስቃሉ፤ ሳህን ይንኳኳል። «አይሰማም፣ ጮክ በዪ!»

ማዳም ተኝታለች። ጮክ ማለት አልችልም።

«ሳክስፎን አለ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አቦ እንቁዬ፣ ዘመድ ሁሉ ሊጠይቀን መጥቶ ቤቱ ሞልቷል። ማታ ልደውልልሽ፣ እሺ? ማታ!»

«እሺ።»

ማታ ኩሽና ገባሁ፤ ማዳም እራት ላይ እንግዳ አለባት። ስልኬን መስኮቱ ላይ አቁሜ ድንች መላጥ ጀመርኩ። አልበሙ ገና ብዙ ይቀረኛል። ጾሙ ተፈትቷል፣ ማንም አይከለክለኝም። ግን ይህች ስልክ አሮጌ ናት፤ ዘፈን ስትጫወት አንዳንዴ ጥሪ አታስገባም። ድንቹን ጨርሼ ወደ ሽንኩርቱ አለፍኩ፤ ኢርፎኑ ኪሴ ውስጥ ነው።