ለየብቻ የበላ

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ… በሬውስ ቢሉሽ ግን እውነትም በሬ ነው!» አሉ አንዲት ባልቴት ለሟቹ ባለቤት፣ ለልቅሶ ገብተው በሬውን አድንቀው ሲወጡ።

በሬው ከድንኳኑ ኋላ ታስሯል። ከጥጥ እርሻው በጭነት መኪና አስጭኖ ያመጣው አስናቀ ነው፤ ድሮ ቀኝ ክንፍ ተጫዋች፣ ዛሬ የእርሻው ምክትል ሥራ አስኪያጅ። ነገ የአሠልጣኙ የጋሼ ይልቃል ሰልስት ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ግን ከጠዋት ጀምሮ የሚያወራው ስለ በሬው ነው።

የዱሮው ግብ ጠባቂ፣ የዛሬው ባለሱቅ ከድሩ ዳር ተቀምጦ አዲስ የተተከለውን ሁለተኛ ድንኳን ያያል። ለሙስሊሞቹ ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ አይሆናቸውምና። ደግ ሐሳብ ነው። ከድሩን ያንገበገበውም ደግነቱ ነው። ነገ እሱ እዚያ፣ አስናቀ እዚህ ከተቀመጡ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያገናኛቸው የለም፤ የሚያገናኛቸው ሰውዬ ሞቷል።

«አስናቀ፣ በሬው አይታረድ» አለው ቀረብ ብሎ።

«ምን ነካህ? ለእናንተም እኮ ፍየል አዝዣለሁ፤ ከማሉዲን ያርደዋል።»

«የፍየል ነገር አይደለም። ጋሼን በሁለት ድንኳን ልንሸኘው ነው ወይ?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል! አገር ያየውን በሬ መልሼ ልጫነው? መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

«ድሬዳዋን ረሳህ?»



ተማሪ ሳሉ ለግጥሚያ በባቡር ድሬዳዋ ወርደው ነበር። ጋባዦቹ ለክርስቲያኑ በግ፣ ለሙስሊሙ በግ አርደው በሁለት ክፍል አበሏቸው። በማግስቱ ከድሩ ኳሷን ለከማሉዲን፣ ከማሉዲን ለአማን፣ አማን መልሶ ለከድሩ። ስድስት ለዜሮ። ጋሼ አልተቆጣም። ባቡሩ ላይ «ለየብቻ የበላ ለየብቻ ይሸነፋል» ብሎ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ከጨዋታ በፊት ምግባቸው ሽሮ ብቻ ሆነ፣ ያውም በአንድ ትሪ። ሥጋ እንደ ነፍሱ የሚወደው ጋሼም መሀላቸው ተቀምጦ፣ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ ይጎርስ ነበር። ዋንጫ አመጡ ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ አላመጡም።

«ምኑን እረሳዋለሁ?» አለ አስናቀ። «‹እዚህ ነኝ! እዚህ ነኝ!› ስል ውዬ አንድ ኳስ አልነካሁም!»

«እኮ!»

አስናቀ በሬውን አየው። በሬውም አየው። ከዚያ ወደ ሟቹ ባለቤት ዞረ። «እትዬ የዓለምወርቅ፣ ሽሮ አለ?»

«በሬ አምጥተህ ሽሮ ትለምናለህ?»

«በሬው ለተዝካሩ ይቆይ።»

እትዬ የዓለምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እሱ ቢሆን ሥጋውን ነበር የሚመርጠው» አለች፤ ለቀስተኛው ሳቁን አፍኖ አጎነበሰ።

በማግስቱ በአንድ ድንኳን የሽሮው ትሪ ቀረበ፤ የዱሮዎቹ ተጫዋቾች ከበቡት። አስናቀ ማንቆርቆሪያውን ከአስተናጋጇ ተቀብሎ ከድሩን ያስታጥበው ጀመር። የከድሩ እጆች ጸድተዋል፤ አልሰበሰባቸውም። አስናቀም ማንቆርቆሪያውን ቀና አላደረገም። ጠብታ እስኪጠፋ ድረስ አፈሰሰለት።